ከዋስ ቃል እስከ አይሪስ፦ በወሎ ደጋ የሰው ማንነት ማረጋገጫ ታሪክ

አይሪስ በዓይን ብሌን ዙሪያ ያለው ባለቀለም ቀለበት ነው። ብርሃን ሲበዛ ብሌኑን ያጠብባል፣ ሲያንስ ያሰፋዋል። ብዙ ሰው «የብሌን አሻራ» ይለዋል፤ ብሌኑ ግን ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ስለሆነ ራሱ አሻራ የለውም። አንዱን ሰው ከሌላው የሚለየው በቀለበቱ ላይ ያለው የክሮች፣ የጉድጓዶችና የሽብሽቦች አቀማመጥ ነው። ይህ አቀማመጥ ፅንሱ ሦስት ወር ሲሞላው ገደማ መሠራት ይጀምራል፣ በስምንተኛው ወር አካባቢ ይጠናቀቃል። የአንድ ፅንስ መንትዮች አይሪስ አንድ አይደለም፤ የአንድ ሰው ቀኝ ዓይን እንኳ ከግራው ይለያል። ፋይዳ የተባለው የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ ከአሥር ጣት አሻራና ከፊት ምስል ጋር የሁለቱንም ዓይኖች አይሪስ የሚመዘግበው ለዚህ ነው።

ከላላ በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ ወግዲ፣ ቦረናና መካነ ሰላም ባሉበት አገር የሚገኝ ወረዳ ነው። ወደ ዓባይና ወደ ገባሮቹ የሚወርዱት ገደላገደሎች ደጋውን ከጎረቤት አገር ስለሚቆርጡት፣ እንግዳ ሲመጣ «የማን ነህ?» መባሉ የቆየ ነው። ጥያቄው ከየትኛውም መታወቂያ ወረቀት ይቀድማል። ለእሱ መልስ የተሰጠባቸው መንገዶች በየዘመኑ ተለዋውጠዋል። አይሪስ የመጨረሻው ነው፤ የቀደሙትን ግን ሙሉ በሙሉ አልተካቸውም።

ከሁሉ የሚቀድመው ስም ነው። ሰው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ይጠራል፤ የዘር ስም የለም። በወሎ ይህ አጠራር ሁለት ችግር ነበረበት። አንደኛው የስሞች መደጋገም ነው። መሐመድ፣ አሊ፣ ሰይድ፣ አህመድ፣ ይመር፣ ይማም በየመንደሩ ስለሚበዙ ሦስት ትውልድ ቢቆጠርም ሁለት ሰዎች አንድ ስም ሊይዙ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ የሚለየው ቅጽል ስም ወይም የጎጥ ስም ነው። ሁለተኛው የስም መለዋወጥ ነው። እስላምና ክርስቲያን ተጋብቶና ተዛምዶ በሚኖርበት አገር አባቱ ወልደ ሚካኤል፣ ልጁ መሐመድ ቢባል የሚገርመው የለም። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የወሎው ኢማም መሐመድ አሊ ክርስትና ተነሥቶ ሚካኤል ሲባል፣ በኋላም ራስ፣ ከዚያም ንጉሥ ሲሆን፣ አገሩ የሚያውቀው ያንኑ ሰው ነበር። ስሙ ተለወጠ፣ ሰውየው አልተለወጠም። ሰውየው ያው መሆኑን የሚያውቀው በዓይኑ ያየው ሕዝብ ነበር፤ ስሙን ብቻ የሰማ ሩቅ አገር ሊያውቀው አይችልም።

ስም ብቻውን ስለማይበቃ ማንነትን ያጸና የነበረው ዋስ ነው። ዋስ የሚጠራው ለገንዘብ ብቻ አልነበረም። ሰው ከዳኛ ፊት ሲቆም፣ ከብት ሲሸጥ፣ በማያውቀው አገር ሲያድር «ይህ እገሌ ነው፣ ቢጠፋ እኔ አመጣዋለሁ» የሚል ያስፈልገው ነበር። ዋስ ያጣ ባለዕዳ ከባለመብቱ ጋር በሰንሰለት የሚታሰርበት ቁራኛ፣ ማንነትን ከአካል ጋር ማሰር ምን ያህል ከባድ ጉዳይ እንደነበር ያሳያል። ስርቆት ሲደርስ ደግሞ የአካባቢው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪወጣ የሚቀመጥበት አውጫጭኝ ነበር፤ በአንዳንድ ቦታ አፈርሳታ ይባላል። አውጫጭኝ ሊሠራ የሚችለው ሰው ሁሉ በሰው ሲታወቅና የጎደለው ማን እንደሆነ ሳይጻፍ ሲለይ ብቻ ነው። በወሎ እስከ ዛሬ የዘለቀው ቅሬም ከዚሁ ወገን ነው። ቅሬ በሌላው አገር እድር የሚባለው የቀብር ማኅበር ነው፤ የቅሬው ዳኛ አባላቱን በቤት በቤቱ ያውቃል። ሰው ቅሬ ካለው ቢያንስ በአንድ አገር «የእኛ ነው» የሚለው ወገን አለው ማለት ነው።

ጽሑፍ በዚህ ሁሉ መካከል ይገባ ነበር፤ ግን የተራውን ሰው ማንነት ለመግለጽ አልነበረም። ማኅተም የነገሥታትና የመኳንንት ነው፤ ደብዳቤ የያዘ መልእክተኛ የሚታመነው በራሱ ስም ሳይሆን በላኪው ማኅተም ነበር። ገበሬው ከመንግሥት ጋር የሚገናኘው በጭቃ ሹሙ በኩል ነው፤ በኋላም ግብር በገንዘብ መከፈል ሲጀምር የግብር ደረሰኝ በእጁ ገባ። ደረሰኙ ለመሬት ክርክር ማስረጃ ስለሆነ በቆዳ ተጠቅልሎ፣ በሣጥን ተቆልፎ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍ ነበር፤ በገበሬው ቤት ከመታወቂያ በፊት የነበረው የማንነት ወረቀት ይኸው ነው ማለት ይቻላል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ውል ሲዋዋል ደግሞ አውራ ጣቱን በቀለም ነክቶ ወረቀቱ ላይ ያሳርፋል። አሻራ ወደ ወሎ ገጠር የገባው በቤተ ሙከራ በኩል ሳይሆን በዚህ በፊርማ ምትክ በተጫነ ጣት ነው። ያኔ አሻራውን ከሌላ አሻራ ጋር የሚያስተያየው አልነበረም፤ የሚመሰክሩት በውሉ ላይ ስማቸው የሰፈረው እማኞች ናቸው።

የቀበሌ መታወቂያ የአብዮቱ ልጅ ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 የገበሬ ማኅበራትን፣ በዚያው ዓመት የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን አቋቋመ። ከእነዚህ የወጣው ቀበሌ የነዋሪውን ስም በመዝገብ ጻፈ፤ ፎቶግራፉን ለጥፎ በክብ ማኅተም መታ። በኢትዮጵያ ታሪክ ተራው ሰው የራሱን ፊት የያዘ የመንግሥት ወረቀት በብዛት ያገኘው ያን ጊዜ ነው። ወረቀቱ ግን ሁለት ፊት ነበረው። ዘይትና ስኳር ያስገኛል፣ ቤት ያስመዘግባል፤ በሌላ በኩል ያለ ይለፍ ወረቀት ከቦታ ወደ ቦታ መሄድ አስቸጋሪ ሆነ፣ በየኬላው መታወቂያ ይጠየቅ ነበር፣ ለብሔራዊ ውትድርና የሚፈለግ ወጣትም በቀበሌው መዝገብ ይገኛል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከወሎ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ በሰፈራ የተወሰደው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነበር፤ ከአገር አቀፉ 600,000 ገደማ ሠፋሪ ትልቁ ድርሻ የወሎ ነው። እነዚያ ሰዎች ቅሬያቸውን፣ ዋሳቸውንና እማኛቸውን ጥለው ሄዱ። አዲሱ አገር ማንነታቸውን የሚያውቀው በዝርዝር ላይ በሰፈረ ስም ብቻ ነበር፤ የሰው ምስክርነት ሲቋረጥ ወረቀት ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ የታየበት ክፉ ጊዜ ነው።

የቀበሌ መታወቂያ ድክመት በአሠራሩ ውስጥ ነበር። እያንዳንዱ ቀበሌ በራሱ መዝገብ፣ በራሱ እጅ ጽሑፍ፣ በራሱ ማኅተም ይሠራል። የከላላ አንድ ቀበሌ የጻፈውን የደሴ ወይም የአዲስ አበባ ቀበሌ ሊያይ አይችልም። ስለዚህ አንድ ሰው በሁለት ቦታ፣ በሁለት ስም፣ በሁለት ዕድሜ ቢመዘገብ የሚያገናኘው ነገር የለም። የልደት ቀን በተለይ የተድበሰበሰ ነበር። ብዙ ሰው የተወለደበትን የሚያውቀው በክስተት ነው፦ በ66ቱ ድርቅ፣ በ77ቱ፣ ደርግ በወደቀበት ዓመት፣ ከእገሌ ቀብር በኋላ። ጸሐፊው ይህን ወደ ቁጥር ሲቀይር መስከረም 1 ይጽፋል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ደግሞ 2008 ዓ.ም. ሊያበቃ ሲል ነው። ከዚያ በፊት ለተወለደው ትውልድ የልደት ማስረጃ የሚሠራው ሰውየው አድጎ ከጠየቀ በኋላ ነበር።

በዚህ መካከል በአማራ ክልል ገጠር አንድ ወረቀት ከመታወቂያው በላይ ከበሬታ አገኘ፤ የመሬት ይዞታ ደብተር። ክልሉ በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 46፣ በኋላም በ1998 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 133 የገጠር መሬት አስተዳደርን ደነገገ፤ በየቀበሌው ማሳ እየተለየ አረንጓዴ ደብተር ተሰጠ። ደብተሩ የባልና የሚስትን ስም ጎን ለጎን ይይዛል፤ የሁለቱም ፎቶግራፍ ይለጠፍበታል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በግብር ደረሰኝ ዘመን ሴቲቱ በባሏ ወይም በአባቷ ስም ሥር ነበረች፤ በቀበሌ መዝገብ የቤተሰብ አባል ተብላ ትጻፍ ነበር። በይዞታ ደብተሩ ላይ ግን በገዛ ስሟና በገዛ ፊቷ የመሬት ባለይዞታ ሆና ታየች። በፍቺ ጊዜ፣ ባል ሲሞት፣ ወንድም መሬቱን ልውሰድ ሲል ያ ፎቶግራፍ በፍርድ ቤት ተናግሯል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት የተባለው የምግብ ዋስትና ፕሮግራምም በደቡብ ወሎ የምግብ እጥረት ባለባቸው ወረዳዎች ለተጠቃሚዎች ካርድ ሰጠ፤ ስንዴና ገንዘብ የሚከፈለው በዚያ ካርድ ነበር።

ማንነትን ከስም ማላቀቅ የግድ የሆነው ግን በስደት ነው። ከደቡብ ወሎ ደጋ ወደ ዐረብ አገር የሚሄደው ወጣት፣ ይልቁንም ወጣት ሴት፣ ብዙ ነው። ለጉዞ ዕድሜ ሲጎድል በቀበሌ ወረቀት ላይ ዓመት ይጨመራል፤ ክርስቲያን ቤት የተወለደች ልጅ ወደ ሳዑዲ ለመሄድ የእስላም ስም ይዛ ፓስፖርት ታወጣለች። በአዲሱ ስም ሠርታ፣ ገንዘብ ልካ፣ ስትመለስ በቀድሞ ስሟ ትጠራለች። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስታባርር በቦሌ የወረዱት ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ወረቀት የያዙ ወይም ምንም ወረቀት ያልያዙ ነበሩ። መንግሥት በዚያው ዓመት ወደ ዐረብ አገራት ለሥራ መሄድን ለጊዜው አገደ፤ እገዳው የተነሣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 በ2008 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ነው።

በስደተኞች አነጋገር መባረር «መጠረዝ» ይባላል። የተጠረዘ ሰው በአዲስ ፓስፖርት፣ በአዲስ ስም ተመልሶ ይገባ የነበረበትን በር የዘጋው አይሪስ ነው። የተባበሩት ዐረብ ኤሚሬቶች እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ከአገር የሚባረርን ሰው አይሪስ መዝግበው ወደ አገሪቱ የሚገቡትን በአየር ማረፊያና በድንበር ከዚያ ጋር ማመሳከር ጀመሩ። ስም፣ ዜግነት፣ የልደት ዓመት ምንም ቢቀየር ዓይኑ ያው ነው፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተይዘው ተመለሱ። አንዳንዶች ብሌንን የሚያሰፋ ጠብታ ተጠቅመው ሊያመልጡ ሞከሩ፤ በዚህ ምክንያት የብሌኑ ስፋት የሚለካበት ተጨማሪ ምርመራ ተጀመረ። ከወሎ ደጋ ወጥተው በዚያ በር ላለፉ ሰዎች ዓይናቸውን ቀድሞ ያነበበው የአገራቸው መንግሥት አልነበረም።

የዚህ ዘዴ አሳብ ሩቅ ነው። የአይሪስ አቀማመጥ ሰውን ሊለይ ይችላል የሚለውን አሜሪካዊው የዓይን ሐኪም ፍራንክ በርች እ.ኤ.አ. በ1936 አቀረበ፤ ሌናርድ ፍሎምና አራን ሳፊር የተባሉ ሐኪሞች በ1987 ለአሳቡ የፈጠራ መብት አገኙ። ሥራ ላይ እንዲውል ያደረገው የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲው ጆን ዶግማን ነው፤ በ1994 የፈጠራ መብት ያገኘበት ስሌት የአይሪሱን ምስል ወደ 2,048 የዜሮና የአንድ ምልክቶች ይለውጣል። ሁለት ምስሎች ሲነጻጸሩ የሚቆጠረው ስንቱ ምልክት እንደተለያየ ነው። የሁለት የተለያዩ ዓይኖች ምልክቶች በአጋጣሚ ስለሚገጣጠሙ ግማሽ ያህሉ ይለያያል፤ የአንድ ዓይን ሁለት ምስሎች ግን ከሲሶ ባነሰ ይለያያሉ። ሁለቱ ስለማይደባለቁ ማሽኑ በሚሊዮኖች መካከል እምብዛም ሳይሳሳት ሊፈልግ ይችላል።

ለኢትዮጵያ በተለይ የሚጠቅመው ብርሃኑ ነው። ጥቁርና ቡናማ ዓይን ሜላኒን የተባለው ቀለም ስለሚበዛበት በተራ ካሜራ ሲነሣ ቀለበቱ አንድ ወጥ ጥቁር ይመስላል። የአይሪስ ካሜራ ግን ዓይን የማያየውን፣ ከቀይ ቀጥሎ ያለውን ብርሃን ይጠቀማል፤ ሜላኒን ይህን ብርሃን ብዙም ስለማይውጠው ጥቁሩ ቀለበት ከነክሩ ከነሽብሽቡ ይታያል። የከላላ ገበሬ ዓይን ሰማያዊ ዓይን ካለው ሰው እኩል ይነበባል።

ማሽኑ ስለ ሰው ብዙ የሚያውቅ ይመስላል፤ የሚያውቀው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ዓይን ቀደም ብሎ ከታየው ዓይን ጋር አንድ መሆኑን ወይም አለመሆኑን። ዶግማን እ.ኤ.አ. በ2002 በዚሁ ስሌት በ1984 የተነሣውን ታዋቂ የአንዲት አፍጋናዊት ልጃገረድ ፎቶግራፍ ከዓመታት በኋላ ከተገኘች ሴት ጋር አነጻጽሮ አንድ ሰው መሆኗን ሲያረጋግጥ፣ ስሟ ሻርባት ጉላ መሆኑን የተናገረችው ሴቲቱ ራሷ ናት። ዓይኑ ስም አልነገረም። ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ በምን እንደሚጠራ የሚናገር ሌላ ምስክር ያስፈልጋል፤ ይህም ወደ ድሮው ዋስ ይመልሳል።

በኢትዮጵያ መሬት ላይ አይሪስ በሰፊው የተመዘገበው ከዜጎች በፊት ለስደተኞች ነው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ከመንግሥት ጋር እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከሌሎችም አገሮች መጥተው በመጠለያ ካምፖች የሚኖሩ ሰዎችን አሻራና አይሪስ መዘገበ። ዓላማው አንድ ሰው በሁለት ካምፕ ራሽን እንዳይወስድና ከካምፕ ሲወጣ የሚያሳየው የታመነ ወረቀት እንዲኖረው ነበር።

የዜጎች ተራ የደረሰው ከ2013 ዓ.ም. በኋላ ነው። በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ሥር የብሔራዊ መታወቂያ ፕሮግራም ተቋቋመ፤ ሥርዓቱን የሠራው በባንጋሎር በሚገኝ የህንድ ተቋም ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተዘጋጀውና ለማንም አገር ክፍት በሆነው ሞሲፕ በተባለ ሶፍትዌር ነው። ህንድ ራሷ አድሃር በተባለው መታወቂያዋ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሰው አይሪስ መዝግባ ነበር፤ ፊሊፒንስም በሞሲፕ የሕዝቧን አይሪስ መዘገበች። በኢትዮጵያ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 በ2015 ዓ.ም. ጸደቀ፤ በታኅሣሥ 2016 የዓለም ባንክ ለሥራው 350 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ፤ ግቡ 90 ሚሊዮን ሰው መመዝገብ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም በዚያው በ2016 ዓ.ም. ወጣ። ይህኛው አዋጅ ዋና ነው፤ የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፣ የተሰረቀ የአይሪስ መዝገብ ግን በሌላ ዓይን አይተካም። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ የተመዝጋቢው ቁጥር 10 ሚሊዮንን አልፏል፤ ብሔራዊ ባንክም ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ጀምሮ በአዲስ አበባ አዲስ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ፋይዳ ግዴታ እንዲሆን አደረገ።

ፋይዳ ለእያንዳንዱ ሰው 12 አኃዝ ያለው መለያ ቁጥር ይሰጣል። በቀበሌ መታወቂያ ላይ ይጻፍ የነበረው ብሔር በፋይዳ አይጠየቅም፤ ሃይማኖትም እንዲሁ። አዲስ ተመዝጋቢ ሲመጣ አሻራውና አይሪሱ ቀድሞ ከተመዘገበው ሁሉ ጋር ይነጻጸራል፤ ያንኑ ሰው በሁለተኛ ስም መመዝገብ የማይቻለው እዚህ ላይ ነው። በገጠር አይሪሱ ከአሻራው በላይ የሚፈለግበት ምክንያትም አለ። እርፍ የያዘ፣ ድንጋይ የካበ፣ ቆላ ወርዶ ያጨደ እጅ የጣቱ መስመር ያልቃል፤ እንጨት የለቀመች፣ ወፍጮ የፈጨች፣ በአመድ ዕቃ ያጠበች ሴት ጣትም እንዲሁ። የጣት መስመር በሥራ ሲጠፋ አይሪሱ ኮርኒያ ከተባለው ብርሃን አስተላላፊ የዓይን ሽፋን ሥር ተሸፍኖ እንዳለ ይኖራል።

ሥራው ወደ ደጋው ሲደርስ ያገኘው የቆየውን የአገር አቀማመጥና አዲስ ጦርነትን ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተነሣው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ተቋርጦ ነበር፤ መንገድም በየጊዜው ይዘጋ ነበር። ምዝገባው ግን የግድ ኔትወርክ አይፈልግም፤ መሣሪያው ምስሉንና መረጃውን በምስጢር ቆልፎ ይይዝና መስመር ሲገኝ ይልካል። ወረቀት የሌለው ሰው ሲመጣ ደግሞ ፋይዳ ያለው ሰው ምስክር ሆኖ ሊያስመዘግበው ይችላል። በካሜራው ፊት ሁለት ሰዎች ይቀመጣሉ፤ አንዱ ዓይኑን ያስነሣል፣ ሌላው «አውቀዋለሁ» ይላል።

ለአንዳንድ ሰው አይሪሱም አይበቃም። የአማራ ክልል ትራኮማ የተባለው የዓይን በሽታ በዓለም ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በተደጋጋሚ የተያዘ የዓይን ቆብ ወደ ውስጥ ታጥፎ ሽፋሽፍቱ ኮርኒያውን ይፍቃል፤ ጠባሳው ሲነጣ ካሜራው ቀለበቱን ማየት ይሳነዋል። ከአይሪሱ ኋላ የሚጋርደው ሞራ ብሌኑን እንጂ አይሪሱን አይሸፍንም፤ ሞራ ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይነበባል። ከሞራ ቀዶ ሕክምና በኋላ ግን የብሌኑ ቅርጽ ሊለወጥ ስለሚችል እንደገና ማስመዝገብ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ለዓይነ ስውራን፣ ዓይናቸው ጠባሳ ላለበትና እጅ ለሌላቸው ሰዎች ሥርዓቱ ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል፤ የማይነበበው አካል በምክንያት ተመዝግቦ ይታለፋል፣ በተቀረው አካልና በፎቶግራፉ ይመዘገባሉ። የእነዚህ ሰዎች ምዝገባ ከሌላው ይልቅ በምስክሩ ቃል ላይ ይደገፋል።